ፊደል ልብሱን ቢለውጥ አካሉ አይለወጥም



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ስማችሁን መጻፍ ችላችሁ፣ ደብዳቤ ማንበብ ከጀመራችሁ በኋላ አንድ ነገር ሳያስቸግራችሁ አልቀረም። በመማሪያ መጽሐፋችሁ ያወቃችሁት ፊደል ከተማ ስትገቡ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቃችኋል። በሱቅ ታፔላ ላይ ወፍሮ፣ በሠርግ ጥሪ ላይ ተጠማዝዞ፣ በጭነት መኪና ግንባር ላይ ጥላ ጥሎ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ «ይኼን ፊደል መች ተማርሁት?» ትላላችሁ።

በዚህ ትምህርት ፊደል መልኩን ለምን እንደሚለዋውጥ፣ ጌጠኛ ፊደል የት እንደሚጠቅምና የት እንደሚጎዳ አብረን እንመለከታለን።

የደሴው ታፔላ

ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ በቦርከና ወንዝ አካባቢ የሚያርስ አንድ ገበሬ እናውቃለን። ማንበብ የተማረው ዕድሜው አርባ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ሰኞ የሽንኩርት ዘር ሊገዛ በመኪና የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ገባ። የሱቁን ስም በገዛ እጁ በወረቀት ጽፎ ይዟል። ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ አንብቦ ሊያገኘው ነው።

ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ታፔላ እያነበበ ሄደ። ብዙውን አነበበ። የፈለገውን ሱቅ ግን አጣው። ሁለት ጊዜ በበሩ አለፈ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ ልጅ፣

«አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀው።

ወረቀቱን አሳየው።

«ፊት ለፊትዎ ነው እኮ!» አለና ሳቀ።

ታፔላው በእርግጥ ፊት ለፊቱ ነበር። ግን እያንዳንዱ ፊደል በራሱ ላይ ባርኔጣ የመሰለ ነገር፣ በእግሩ ላይ ጫማ የመሰለ ነገር ተደርጎለታል። ከኋላው ቀይ ጥላ፣ ከጎኑ ቢጫ መስመር ተጨምሮበታል። ገበሬው ጌጡን ሲያይ ፊደሉን ሳተው።

ማታ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ፣ «ፊደሉ ጠፋኝ። ድካሜ ሁሉ ውሃ በላው» አለን።

እኛም፣ «አብሽር! ፊደሉ አልጠፋህም። ልብሱን ለውጦ ስላገኘኸው ነው» አልነው።

ይህ በእሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። በብዙዎቻችሁም ደርሷል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

አካልና ልብስ

አንድ ሰው እርሻ ሲወርድ የሥራ ልብሱን ይለብሳል። ለበዓል ጥልፍ ያለው ነጭ ልብስ ያወጣል። ለብርድ ጋቢ ይደርባል። ልብሱን ስለለወጠ ግን ሌላ ሰው አይሆንም። ቁመናውን፣ አካሄዱን፣ ፊቱን አይተን እናውቀዋለን።

ፊደልም እንዲሁ ነው። አካል አለው፣ ልብስ አለው። አካሉ ያ ፊደል መሆኑን የሚያሳውቀው ቅርጽ ነው። ልብሱ ደግሞ ውፍረቱ፣ ቅጥነቱ፣ ጥላውና ጌጡ ነው።

«በ»ን እንውሰድ። የ«በ» አካል ሁለት እግሮች ከላይ በአንድ መስመር የተያያዙበት፣ በር የሚመስል ቅርጽ ነው። ይህ በር በወገቡ በስተቀኝ ቅጥያ ካወጣ «ቡ» ይሆናል። ቅጥያው ከቀኝ እግሩ ሥር ከሆነ «ቢ» ነው። ቀኝ እግሩ ከረዘመ «ባ»፣ ግራ እግሩ ከረዘመ «ቦ» ይባላል። በእግሩ ቀለበት ከያዘ «ቤ» ነው። እነዚህ ሁሉ አካል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢቀየር ድምፁ ይቀየራል። በሩ ቢወፍር፣ ቢቀጥን፣ ቢቀላ፣ ቢጠቁር ግን «በ» ያው «በ» ነው።

ጌጡ ከየት መጣ?

የፊደል ጌጥ ዛሬ በኮምፒዩተር የተጀመረ አይደለም። ከብራና ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው።

በጥንት ጊዜ መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ነበር። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ለስልሶ የሚዘጋጅ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ከመቃ ይቀርጻል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከሌላም ነገር ይበጠብጣል። ለርእስና ለከበሩ ስሞች ቀይ ቀለም ይጠቀማል።

የመቃው ብዕር ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ አይደለም። ጠፍጠፍ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ወደ ታች ሲስብ መስመሩ ይወፍራል፤ ወደ ጎን ሲስብ ይቀጥናል። የፊደላችን እግር ወፍራም፣ ማያያዣው ቀጭን ሆኖ የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጌጥ የመጣው ከመሣሪያው ነው ማለት ነው። እናንተም ማረሻው ሲሰፋ ትልሙ እንደሚሰፋ ታውቃላችሁ።

ተስተካክሎ በጥንቃቄ የሚጻፈው ጽሕፈት ቁም ጽሕፈት ይባላል። ጸሐፊዎች ትልቁንና ወፍራሙን አጻጻፍ «ጉልሕ»፣ ትንሹንና ቀጭኑን «ረቂቅ» ይሉታል። ጉልሕ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በትልልቅ መጻሕፍት ላይ የታወቀ አጻጻፍ ነበር። ጉልሕ ከሩቅ ይነበባል፣ ያምራል፤ ግን ብዙ ብራና ይፈጃል። ረቂቅ ብራና ይቆጥባል፤ ግን ዓይን ያደክማል። ጸሐፊው የሚመርጠው እንደ ሥራው ነበር።

በገጹ ራስ ላይ ደግሞ እንደ ተክል ሐረግ የተጠላለፈ ጌጥ ይሣላል። ስሙም «ሐረግ» ነው። ልብ በሉ፤ ጸሐፊው ሐረጉን ያኖረው ከጽሑፉ በላይና በዳር በዳሩ ነው። ፊደሉን በሐረግ አላነቀውም። ጌጡ በቦታው፣ ንባቡም በቦታው ነበር።

ለዚህ ሥራ የእኛ አገር ወሎ ሩቅ አይደለም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከጥንት ጀምሮ የመጻሕፍት ቤት ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያጻፉት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ከ700 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

በወሎ የእስልምና ትምህርት ቤቶችም ልጆች በእንጨት ሰሌዳ ላይ የዐረብኛ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። የወሎ ሊቃውንት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈዋል፤ ይህም «ዐጀሚ» ይባላል። ብዙ መንዙማዎች በዚህ መንገድ ተጽፈው ቆይተዋል። የዐረብኛም ጽሕፈት ከመቃ ብዕር የተወለደ ስለሆነ ወፍራምና ቀጭን መስመር አለው። እኛ «ቀለም» የምንለው የሚጻፍበትን ውሃ ነው፤ በዐረብኛ «ቀለም» ማለት ብዕሩ ራሱ ነው። ሁለቱ ጽሕፈቶች ጎረቤታሞች መሆናቸውን ከዚህ እናያለን።

ከብዕር ወደ እርሳስ፣ ከእርሳስ ወደ ኮምፒዩተር

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው። የታተመው በሮም ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 ነው። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የጀርመን አገር ሰው ነበር። ግዕዝን የተማረው በሮም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው።

በአገራችን የማተሚያ ሥራ እየሰፋ የሄደው በኋላ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በራስ ተፈሪ መኰንን ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ፊደል የሚሠራው ከእርሳስ ነበር። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ማኅተም ተገልብጦ ይቀረጻል። ሠራተኛው ፊደሉን ከሣጥን አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል ይሠራል፣ መስመር ይሠራል፣ ገጽ ይሠራል። የአማርኛ ዋና ፊደላት 33 ናቸው። እያንዳንዱ 7 መልክ አለው። 33 ጊዜ 7 231 ይሆናል። እንደ «ሟ» እና «ቋ» ያሉት ሲጨመሩ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ለአንድ ልብስ ይህን ሁሉ የእርሳስ ፊደል መቅረጽ ያስፈልግ ነበር። ለሁለተኛ ልብስ እንደገና ይህን ሁሉ! ስለዚህ የጥንቱ ማተሚያ ቤት ብዙ ዓይነት ፊደል ማኖር ቀላል አልነበረም።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርና በኋላም በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲስፋፋ መጻሕፍቱ ሁሉ የተጻፉት በዚሁ ፊደል ነው። ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ፊደል ትልቅ፣ ግልጽ፣ ጌጥ ያልበዛበት መሆን አለበት። ዓይን ገና አካሉን እየለመደ ነውና።

የሱቅ ታፔላ ደግሞ በእጅ ይጻፍ ነበር። «ታፔላ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የታፔላ ጸሐፊው በብሩሽና በዘይት ቀለም ፊደሉን አወፍሮ፣ ጥላ ሰጥቶ፣ ጠርዙን በሌላ ቀለም ከብቦ ይሠራዋል።

ዛሬ ኮምፒዩተር ሥራውን አቅልሎታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ፊደላችን ዓለም ሁሉ በሚሠራበት የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። በተንቀሳቃሽ ስልካችሁ አማርኛ የምታነቡት በዚህ ምክንያት ነው። በኮምፒዩተር ቤት ያለ ወጣት የፊደሉን ልብስ በአንድ ጊዜ ይለውጣል። መለወጡ ስለቀለለ ግን ሁልጊዜ ተገቢ ነው ማለት አይደለም።

የፈረንጅ ፊደል ጫማ

የፈረንጅ ፊደልም ልብስ አለው። የጥንት ሮማውያን ከ1900 ዓመት በፊት በድንጋይ ላይ የቀረጿቸው ፊደላት በመስመራቸው ጫፍ ላይ ትንሽ ጫማ የመሰለ ነገር አላቸው። ፈረንጆች ይህን ጫማ «ሰሪፍ» ይሉታል። እስከ ዛሬ በብዙ መጽሐፎቻቸው ላይ ይታያል። ጫማ የሌለው ፊደል ደግሞ አለ፤ በመንገድ ምልክት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እሱ ነው። ጫማውን አብዝተው፣ አጠማዝዘው፣ አስጊጠው የሚሠሩት ፊደልም አለ። እሱ ለታፔላ፣ ለርእስና ለጠርሙስ ወረቀት ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን የፈረንጅ ጫማ ለእኛም ፊደል ያደርጉለታል። ያም ያምር ይሆናል። ነገር ግን በፈረንጅ ፊደል ላይ ጫማው ጌጥ ብቻ ነው፤ ድምፅ አይለውጥም። በእኛ ፊደል ላይ ግን በራስና በእግር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መስመር ብዙ ጊዜ ጌጥ አይደለም። ድምፅ ነው! ዋናው የትምህርታችን ነጥብ ይኼ ነው።

ባርኔጣ ነው ወይስ ጌጥ?

ግዕዝ 26 ፊደላት አሉት። አማርኛ ሲጻፍ በግዕዝ የሌሉ ድምፆች ስለነበሩ 7 ፊደላት ተጨመሩ። እነሱም፦

ከ«ሰ» «ሸ»፣
ከ«ተ» «ቸ»፣
ከ«ነ» «ኘ»፣
ከ«ከ» «ኸ»፣
ከ«ዘ» «ዠ»፣
ከ«ደ» «ጀ»፣
ከ«ጠ» «ጨ» ናቸው።

26 እና 7 ሲደመሩ 33 ይሆናሉ። እነዚህ ሰባቱ ከእናታቸው የሚለዩት በትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ስድስቱ ምልክቱን በራሳቸው ላይ እንደ ባርኔጣ ተሸክመዋል። «ጨ» ግን ከታች በእግሩ ይዞታል።

አሁን አስቡ። ታፔላ ጸሐፊው ለማስጌጥ ብሎ በ«ሰ» ራስ ላይ መስመር ቢጨምር «ሰ» «ሸ»ን ይመስላል። «ደመረ» «ጀመረ» ይሆናል። «ሰጠ» «ሸጠ» ይሆናል። በመስጠትና በመሸጥ መካከል ያለውን ልዩነት ለገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ያ በደሴ ታፔላ የጠፋው ገበሬ ይህን በኋላ በራሱ ላይ አየው። የአጎቱ ልጅ በሬ ሞቶበት ለእርሻ ወራት አንድ በሬ እንዲሰጠው ለመነው። ዘመድ ነውና እሺ አለ። «ነገር በጽሑፍ ይሁን» ተባብለው ኮምቦልቻ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ሄዱ። የገበሬው ሚስትም አብራ ነበረች፤ እሷም ከባሏ ጋር የተማረች ናት። ወጣቱ ጸሐፊ ወረቀቱ እንዲያምር ብሎ በጌጠኛ ፊደል አንድ መስመር ብቻ ጽፎ አወጣላቸው። ገበሬው ሊፈርም እስክሪብቶ አነሣ።

ሚስቱ፣ «ቆይ እስቲ፣ ሳናነብ?» አለችና ጣቷን በፊደሉ ላይ አስኬደች። አንድ ቃል ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ይኼ ምን ይላል? ‹ሰጥቻለሁ› ነው ‹ሸጥቻለሁ›?»

«‹ሰጥቻለሁ› ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ በራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱማ ጌጥ ነው።»

«ጌጡን ለሠርግ ጥሪ አቆየው፣ የኔ ልጅ። ለኔ ፊደሉን ያለ ባርኔጣ አምጣልኝ። ነገ እኛ ብንሞት ልጆቻችን ጌጥ ነበር ብለው አይመሰክሩም።»

የአጎቱም ልጅ ሳቀና፣ «እውነቷን ነው፤ እኔም የሰው በሬ ሌባ መባል አልፈልግም» አለ። ጸሐፊው በግልጽ ፊደል እንደገና ጻፈው። በሬው የተሰጠበት ቀን፣ የሚመለስበት ወር፣ ያለ ዋጋ ለእርሻ ብቻ የተሰጠ መሆኑ ተጨመረበት። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ሌሎቹ አዳመጡ፣ ከዚያ ፈረሙ።

ባልየው በታፔላ ያፈረበትን ቀን ሚስቱ በወረቀት ካሰችለት።

ጌጠኛ ፊደል የት ይሁን?

ጌጥን እንጠላለን ማለት አይደለም። ወሎ ጌጥ ያውቃል። በትራስ ጨርቅ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ የምትጠልፍ እህታችን ፊደሉን በአበባ ብታስጌጠው ቤቱ ያምራል፣ እንግዳውም ደስ ይለዋል። ሁሉም በቦታው ሲሆን መልካም ነው።

ጌጠኛ ፊደል የሚስማማው ቃሉ ጥቂት፣ መጠኑ ትልቅ ሲሆን ነው። ለሱቅ ታፔላ፣ ለመጽሐፍ ርእስ፣ ለሠርግ ጥሪ፣ ለበዓል መልካም ምኞት ይሆናል።

ጌጠኛ ፊደል የማይስማማው ስሕተት ጉዳት በሚያመጣበት ቦታ ነው። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የፀረ ተባይ ማስጠንቀቂያ፣ የውል ወረቀት፣ የዕድር መዝገብ፣ የገንዘብ ደረሰኝ በግልጽ ፊደል መጻፍ አለባቸው። ረጅም ጽሑፍም በጌጠኛ ፊደል ከተጻፈ ዓይን ይደክማል፤ አንባቢ ይሰለቻል።

ጌጠኛ ፊደል ሲያጋጥማችሁ

ሀ) አትደንግጡ። ጌጡን ተዉትና አካሉን ፈልጉ። እግሩ ስንት ነው? የትኛው ይረዝማል? ቀለበት አለው?

ለ) አንዱን ፊደል ከጎረቤቱ ጋር አስተያዩ። በራሱ ላይ ያለው መስመር በሁሉም ፊደላት ላይ ካለ ጌጥ ነው። በአንዱ ላይ ብቻ ካለ ግን የፊደሉ ምልክት ሳይሆን አይቀርም።

ሐ) የምታውቁትን ፊደል አስቀድማችሁ ያዙ። ከዚያ ቃሉን በሙሉ ገምቱ፣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሽያጭ ከሆነ ዋጋ ይኖረዋል። ውሰት ከሆነ የመመለሻ ቀን ይኖረዋል።

መ) ነገሩ የገንዘብ፣ የከብት፣ የመሬት ወይም የጤና ከሆነ በግምት አትለፉ። «በግልጽ ፊደል ጻፉልን» በሉ። ይህን መጠየቅ አለማወቅ አይደለም፤ ማወቅ ነው።

ሠ) ስትጽፉም እንዲሁ አድርጉ። ባርኔጣውን፣ ቅጥያውንና ቀለበቱን አጉልታችሁ ጻፉ። የእናንተ ጽሑፍ የሚነበበው እናንተ በሌላችሁበት ነውና።

ያ ገበሬ አሁንም ደሴ ይወጣል። ያ የዘር ሱቅ ታፔላውን አልለወጠም። ባርኔጣውም፣ ጫማውም፣ ቀይ ጥላውም እዚያው ናቸው። እሱ ግን ከሩቅ ያነበዋል። ሊስትሮውን ልጅ ሲያገኘው፣ «ዛሬስ ልብሱን አውልቄ አየሁት» ይለዋል።

መልመጃ

1. የ«በ» አካል ምን ይመስላል? «ባ» እና «ቦ» በምን ይለያሉ?
2. በመቃ ብዕር የተጻፈ ፊደል ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚኖረው ለምንድን ነው?
3. ለአማርኛ የተጨመሩትን 7 ፊደላት ከእናቶቻቸው ጋር ጻፉ።
4. «ሰጠ» እና «ሸጠ»፣ «ደመረ» እና «ጀመረ» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
5. በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሦስት ታፔላዎችን አንብቡ። የትኛው ጌጥ፣ የትኛው የፊደሉ ምልክት እንደሆነ ለይታችሁ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።